ግጥሙ በሁለት ኮፒ ይቅረብ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጎረቤቴ ዘይነባ ዛሬ ተሻላት። የጉልበቷ እብጠት ጎድሎ ከአልጋዋ እስከ ሱቋ በር ያለ ዱላ መጣች። ደጃፌ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን ልጅ «ዳዴ! ዳዴ!» ብላት ሰደበችኝ። ስድቧ ከተመለሰ ድናለች ማለት ነው። ዱራሜ ያገባችው ልጇም መንታ ተገላግላለች፤ ሁለቱም ሴቶች። አንደኛዋ ኪሎዋ አንሶ ሐኪም ቤት አቆይተዋት ነበር፣ ትናንት አስወጧት። ዘይነባ አልሐምዱሊላህ አለች፣ እኔ ጌታ ይመስገን አልኩ፣ ተቃቅፈን ትንሽ አለቀስን።

ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው! «ታዱ፣ ትናንት ተኝቼ ዝናብ ሲመጣ ሰማሁ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፣ ቀጥሎ ወረደ። ሠራተኛዋን ልብስ አስገቢ ብዬ ጮህኩባት። ወጥታ ብታይ ፀሐዩ አናት ይበሳል!»

ዝናቡ እኔ ነበርኩ። የዘይነባ ጓሮና የቤተ ክርስቲያናችን አሮጌ አዳራሽ በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰኑት። ፒያኖው ደግሞ እዚያው ግድግዳ ሥር ነው የቆመው። ልብስ የሚያስገባ ዝናብ መጫወቴን ስሰማ ደስታዬን የት ላድርገው!

ደስታው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ቆየ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመዝሙር ኮሚቴው ወረቀት መጣልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ የሴቶች ክፍል የዓመት ፕሮግራም አለ። እኔ ፒያኖ የተማርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ክሊኒኩ ውስጥ ትሠራ የነበረች አንዲት የውጭ አገር ነርስ አንድ ዓመት አስተምራኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት ስንቱን ዘማሪ አጅቤያለሁ። እነሱ ይዘምራሉ፣ እኔ ከሥር ከሥር እከተላለሁ። ኪቦርድ ከመጣ በኋላ ደግሞ እሱም ቀረና የእኔ ሥራ ሰው ሲገባና ሲወጣ መጫወት ሆነ።

ዘንድሮ የራሴን ላቅርብ ብዬ ጠየቅሁ። ብቻዬን፣ ያለ ዘማሪ፣ ያለ ከበሮ። ሦስት ናቸው። ሦስቱንም ያመጣኋቸው ሌሞ ገጠር ካደግሁበት መንደር ነው። አንዱ ዝናብ በእንሰት ቅጠል ላይ ሲወርድ፣ አንዱ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ፣ አንዱ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ሲሞላ። አራት ዓመት ፈጅተውብኛል። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልረዳኝም።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የመዝሙሩ ግጥም በሁለት ኮፒ ተጽፎ እስከ ሐሙስ ይቅረብ።»

የምን ግጥም? እርግጥ እኛ ጋ አዲስ መዝሙር ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ግጥሙ ይታያል፣ ትምህርቱ ልክ ነው ወይ ይባላል። ደግ ሥርዓት ነው፤ ስንት ጉድ አስቀርቶልናል። የእኔ ግን አይዘመርም! አፍ የለውም! ይህንን ለመልእክተኛው ብነግረው «እኔ እንጃ፣ ሁለት ኮፒ ነው የተባልኩት» ብሎኝ ሄደ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሲነጋ ቆርጬ ተነሳሁ። ግጥም ካሉ ግጥም እሰጣቸዋለሁ።

የምሰፋውን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወደ ጎን ገፋ አድርጌ የስፌት መኪናዬ ላይ ወረቀት ዘረጋሁ፣ በካርቦን ሁለት ኮፒ አደረግሁት። ባለቤቴ ማርቆስ የሰው ቁም ሣጥን እያለሰለሰ በበሩ አየኝና «ማመልከቻ ነው?» አለ። «ግጥም ነው» አልኩት። «ለማን?» «ለመዝሙር ኮሚቴው።» መላጊያውን አስቀመጠና መጥቶ ትከሻዬ ላይ ሆኖ አነበበ። የጻፍኩትን እዚህም ልገልብጠው፦

«አንደኛ፣ ዝናብ። ቃል የለውም። የእንሰት ቅጠል ሰፊ ስለሆነ የመጀመሪያው ጠብታ ለብቻው ይሰማል፤ እሱን በቀኝ እጄ ነው የምመታው። ዝናቡ ሲጠና ውሃው በቅጠሉ መሐል ወደ ግንዱ ይንቆረቆራል፤ እሱ በግራ እጄ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ቅጠሉ መንጠባጠቡን አያቆምም።

ሁለተኛ፣ እንሰት ፋቂዎች። ቃል የለውም። ሴቶቹ እየፋቁ ያወራሉ፤ የሚያወሩት ግን አይጻፍም።

ሦስተኛ፣ ወንዝ። ቃል የለውም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወንዙ ሞልቶ እኛ ከዚህ ማዶ እንቆማለን፣ እናቴ ከዚያ ማዶ ቆማ ትጮሃለች። የምትለው አይሰማም። ውሃው ይበልጣል።»

ማርቆስ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «ታዱ፣ እንዳትጣዪ» አለኝ። ጣውላ የሚያመጣለት የኮሚቴው ሰብሳቢ የወንድም ልጅ ነው፣ እሱ ነው ያሳሰበው። «ማን ተጣላ? ግጥም ጠየቁ፣ ግጥም ሰጠሁ» አልኩና ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በእጁ ሰጥቼ አስፈረምኩት። አዎ፣ አስፈረምኩት!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ብርዱ ጣት ይቆርጣል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይላሉ፣ እኔ ግን አጥንቱ ቀርቶብኝ ጣቴ በታዘዘልኝ።

ፒያኖው ላይ አንድ ጥርስ ታሞብኛል። ጥርስ ነው የምላቸው እነዚያን ነጫጮቹን። መሐል ላይ ያለው፣ ወንዙ ላይ ሃምሳ ጊዜ የምፈልገው፣ ሲጫኑት ወርዶ ይቀራል። ማርቆስን ለምኜ ይዤው ሄድኩ። ከፍቶ አየና «እንጨቱ ክረምት የጠጣውን ውሃ አልተፋም» አለ። ጎንና ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አደረገው፣ ሻማ ቀባው፣ ተመለሰ! ልስመው ስል «ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ ሸሸ።

እዚያው እንዳለ «ቁጭ በልና ስማ፣ ይሄ ምን ይመስልሃል?» ብዬ ሁለተኛውን ተጫወትኩለት። ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «ጋሪ ነው» አለ። «ፈረሱ ትንሽ ያነክሳል እንጂ ጋሪ ነው።»

ጋሪ! መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ገባኝ። ይሄ ሰው በሕይወቱ እንሰት ሲፋቅ ቀርቦ ሰምቶ አያውቅም። በአገራችን ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ወንድ ድርሽ አይልም፤ በዚያ ቢያልፍ እንኳ ዞሮ ነው የሚሄደው። እናቱ አብልታ አሳድጋዋለች፣ ድምፁን ግን አያውቀውም። ኮሚቴው ደግሞ አራቱም ወንድ ነው። ይሄን እስካሁን እንዴት አላሰብኩትም?

የሚያስጨንቁኝ ዛሬ፦ ጥርሱ እስከ እሑድ ይቆያል ወይ። ወንዙ መሐል ላይ ግራ እጄ ይደናገራል። የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም አሥራ ሁለት ኮሌታ ቀርቶኛል። ነገ አሥር ሰዓት ኮሚቴው ይጠራሻል ተብያለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ከለከሉኝ።

እስክሪብቶውን ስጫነው ወረቀቱ ተበሳ። በንዴት ነው፣ በሌላ አይደለም።

ሰብሳቢው ጋሽ ዴታሞ ናቸው። ስድስተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ወረቀቴን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በቀይ እስክሪብቶ አርመውታል! ነጥቦቹን ሁሉ አስተካክለውልኛል። አምሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ከጎናቸው ያለው ወንድም ዮሐንስ፣ ከሁሉም ወጣቱ ነው፣ «እህት ታደለች፣ የእግዚአብሔር ስም የቱ ጋ ነው የገባው?» አለኝ።

«ዝናቡን ማን ላከው?» አልኩት።

«እሱን ነዋ መጻፍ ያለብሽ!»

«ዝናቡ ራሱ ሲወርድ ማን እንደላከው ወረቀት ይዞ ነው እንዴ የሚመጣው፣ ወንድሜ?»

አንዱ ሳል ያዘው፤ ሳቅ መሆኑን አውቄያለሁ። ጋሽ ዴታሞ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና «ሁለተኛው ላይ የሚያወሩት አይጻፍም ያልሽው ምንድነው? ሐሜት ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሽዬ፣ ትንሽ ሐሜትም አለበት።» ምን ልበል? ልዋሽ?

ከዚያ መፍትሔ አሉኝ። ዜማው ይሁን፣ ችግር የለም፣ ግን ወንድም ዮሐንስ በላዩ ላይ መዝሙረ ዳዊት ያንብብበት፣ ሰው መልእክቱን እንዲያገኝ። ፊታቸው ደስ ብሎት ነበር፤ እሺ የምል መስሏቸዋል። እኔም ሁልጊዜ እሺ ባይ ነኝ፣ ሰው ያውቀኛል።

«እሱ ሲያነብ ሰው እሱን ይሰማል» አልኩ። «እኔ ተመልሼ ከሥር እገባለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ከሥር ነበርኩ፣ ጋሽዬ። አልከፋኝም፣ ወድጄ ነው። ለዳዊትም ሌላ እሑድ እጫወትለታለሁ። ይሄን ግን ማንም አያነብበትም።»

ጋሽ ዴታሞ ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡት። «ልጄ፣ ፕሮግራሙ ላይ የሚጻፍ ሁሉ መታየት አለበት። ምን እንደሚል ካላወቅን እንዴት እናጸድቀዋለን?» አሉና በዚያው ቀይ እስክሪብቶ ስሜን ከፕሮግራሙ ላይ ሰረዙት። ክፉ ሰው አይደሉም። ያ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

በገበያው በኩል ተመለስኩ። ምን ልገዛ እንደፈለግሁ ጠፍቶኝ ሁለት ክብሪት ይዤ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጠዋት ከማንም ጋር አላወራሁም። ኮሌታ ሰፋሁ። መኪናውን ስረግጥ እግሬ እንኳ ይቆጣል፣ ክር ሦስት ጊዜ በጠስኩ።

ስምንተኛው ኮሌታ ላይ ነው የመጣልኝ። ፕሮግራሙ ላይ የሚጻፍ ሁሉ መታየት አለበት። እሺ። ያልተጻፈውስ?

ሰው ሲገባ የምጫወተው በየትኛው ወረቀት ላይ ተጽፎ ያውቃል? በየትኛውም! ስንት ዓመት ሙሉ ሰው እየተሳሳመ፣ ወንበር እየጎተተ፣ ልጅ እየተቆጣ ሲገባ እኔ ፒያኖው ላይ ነኝ። ምን ተጫወትሽ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ፕሮግራሙ ስምንት ሰዓት ነው ከተባለ ደግሞ ሰው የሚቀመጠው ስምንት ተኩል ነው፤ ይሄ የታወቀ ነው። ሦስቱም ተደምረው አሥራ አንድ ደቂቃ ናቸው። እንዲያውም ተርፎኝ እጄን አሞቃለሁ።

ማታለል ነው? አስቤበታለሁ፣ ጸልዬበታለሁም። ሥርዓት አልጣስኩም። ፕሮግራሙ ላይ አትጻፊም አሉኝ፣ አልተጻፍኩም።

ሰው ወሬ ሲያወራ መሐል መጫወት ግን ትንሽ ይቆጠቁጣል። ይሁን። ግድግዳው ይሰማል፣ ወንበሩ ይሰማል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻዬን ተጫውቼ ልውጣ እንጂ ማንም ባይሰማው ግድ የለኝም።

ለዘይነባ ብቻ ነገርኳት። «ወላሂ ከአፌ አይወጣም!» አለችኝ፣ ስኳር እየመዘነች።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከአፏ ወጣ።

ሰባት ከአርባ ላይ ሄድኩ፣ ቀድሜ ልቀመጥ ብዬ። በሩን ስከፍት አዳራሹ ጢም ብሏል! አንድ ባዶ አግዳሚ የለም። በሕይወቱ በሰዓቱ መጥቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ በሰዓቱ መጥቷል። ጨው የገዛ ሰምቷል፣ ሳሙና የገዛ ሰምቷል፣ ከሌሞ በጋሪ የመጡ እናቶች ሳይቀሩ ፊት ተቀምጠዋል። ወንዶቹ ከኋላ ቆመዋል፣ ማርቆስም በሩ ጋ አለ። አራቱ የኮሚቴ ሰዎች መጀመሪያው ረድፍ ላይ። ዘይነባ ራሷ በመስኮት በኩል በውጭ ወንበር አስወጥታ ጉልበቷን ዘርግታ ተቀምጣለች።

የሚገባ ሰው የለም። የመግቢያ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ዕቅዴ ገደል ገባ።

ፒያኖው ጋ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ጀርባዬ ላይ የሁሉም ዓይን ይሰማኛል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ፕሮግራም መሪዋ ሩት ማይኩን ይዛ ተነሳች። እውነቴን ነው የምጽፈው፣ ለመነሳት ቀሚሴን ሰብስቤ ነበር። ከዚያ ያ ቀይ መስመር ትዝ አለኝና እጄ ራሱ ሄደ። የመጀመሪያዋን ጠብታ መታኋት።

ሩት «እንግዲህ የተወደዳችሁ...» አለችና ቆመች። ሁለተኛ ጠብታ። ሦስተኛ። ማይኩን ዝቅ አድርጋ ተቀመጠች። ተባረኪ፣ ሩትዬ።

ዝናቡ ወረደ፣ ጠና፣ አባራ። ቅጠሉ ሲንጠባጠብ ቆየ። ጨርሼ እጄን ሳነሳ ከኋላዬ የጋሽ ዴታሞ ድምፅ መጣ፦ «እህት ታደለች፣ ይበቃል፣ እናመሰግናለን።»

ዞር አላልኩም። «ጋሽዬ፣ ሰው ገና እየገባ ነው» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳያልቅ ሁለተኛውን ጀመርኩ። ገና ትንሽ እንደሄድኩ ከመሐል አንዲት ሴት «ኧረ እንሰት እየተፋቀ ነው! ወይኔ ጉዴ!» ብላ ጮኸች። ከዚያማ ማን ያቆማቸው! አንዷ አግዳሚውን በመዳፏ ትመታለች፣ አንዷ ጎረቤቷን በክርን ትጎሽማለች፣ ሐሜቱ ጋ ስደርስ ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ሳቁ። ቃል የለውም! ሐሜት መሆኑን ግን አወቁት! ወንዶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ማርቆስ በሩ ጋ ላሉት «ጋሪ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ» ሲል ይሰማኛል።

ወንዙ ላይ ማንም አልሳቀም። መሐል ላይ ግራ እጄ ተደናገረ፣ እንደፈራሁት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሼ እንደገና ገባሁ። ያ ጥርስ ሃምሳውንም ጊዜ ወረደ፣ ሃምሳውንም ጊዜ ተመለሰ። ስጨርስ እልልታ የለም፣ ጭብጨባ የለም። አንድ ሰው አፍንጫውን ሲናፈጥ ብቻ ሰማሁ። እኔም ተነስቼ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሩት በጸሎት ከፈተች፣ ፕሮግራሙ እንደተጻፈው ሄደ።

ሲያልቅ ጋሽ ዴታሞ በአጠገቤ አለፉ። ፊታቸው አይነበብም። «ረቡዕ ኮሚቴው ይፈልግሻል» አሉኝ። «እመጣለሁ ጋሽዬ» አልኩ። ይቆጡኝም ይሆናል፣ ከፒያኖውም ያነሱኝ ይሆናል። ተጫውቻለሁ። የተጫወትኩትን ማንም በቀይ አይሰርዘውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ አንድ ኮሌታ እንኳ አልሰፋሁም። ሰው ሲመላለስ የቤቴ በር አልተዘጋም።

በመጀመሪያ ዘይነባ መጣች። «ለሦስት ሰው ብቻ ነው የነገርኩት፣ ወላሂ!» አለች። «ለየትኞቹ ሦስት?» ብላት አሥራ አራት ስም ቆጠረች። መንታዎቹ ወተት በደንብ እየጠቡ ነው አለችኝ።

ሩት መጣች፤ የሴቶች ክፍሉ ረቡዕ ከእኔ ጋር አብሮ ይቀርባል አለችኝ። «ስንት ሆናችሁ?» ብላት «ቦታው ከበቃን ሁላችንም» አለች።

ወንድም ዮሐንስ የረቡዑን ደብዳቤ ይዞ መጣ። «ያለ ፈቃድ ስለቀረበ ዝግጅት» ይላል። አስፈረመኝ፣ አይሄድም። ኮፍያውን እያገላበጠ ቆመና «ወንዙ... እናትሽ ከዚያ ማዶ ሆና የምትጮኸው ምን ነበር?» አለኝ። «እኔ ምን አውቄ? ውሃው ይበልጣል ብዬ ጽፌላችሁ የለም?» አልኩት። «እኔም አልሰማኋትም» አለና ሄደ። የእኔን እናት ይሁን የራሱን አልጠየቅኩትም።

ወደ ማምሻው እትዬ ሎምቤ መጡ፣ ከእናቴ ጋር በአንድ ደቦ እንሰት ሲፍቁ የኖሩ፣ የመንደራችን ሴት። ጆሯቸው ስለደከመ ትናንት ፒያኖው ሥር ተቀምጠው እንጨቱ ላይ እጃቸውን አስደግፈው በመዳፋቸው ያዳምጡ ነበር። የመጡት ሊመርቁኝ መስሎኝ ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸው ግን ተቆጥተዋል።

«ስንት ነው የፋቅነው?» አሉኝ።

«እንዴት እትዬ?»

«ትናንት በእጄ ቆጠርኩ። አምስት ነን። እኛ ሰባት ነበርን! ሁለቱን የት ጥለሻቸው መጣሽ?»

አሰብኩ፣ ውሸት የለውም፣ አምስት ናቸው። «እትዬ፣ የምትፍቁት በግራ እጄ ነው፣ ጣቱ ደግሞ አምስት ብቻ ነው» አልኳቸው።

«ቀኝሽስ ምን ይሠራል?»

«ቀኜ ወሬውን ነው የሚያወራው።»

ከወንበሩ ላይ ቀና ብለው አዩኝ፣ ልክ ልጅ ሆኜ ውሃ ሳልቀዳ ስመለስ እንደሚያዩኝ። «በይ ወሬውን ቀንሺና ሴቶቹን አስገቢ» አሉኝ።